በጎንደር ለሚደራጅ የሰርቨር ክፍል የራክና የኮንሶል ማቀያየሪያ አመራረጥ

ራክ ከሰርቨር ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። አንድ ሰርቨር አምስት ወይም ስድስት ዓመት አገልግሎ በሌላ ይተካል፤ የተሰቀለበት የብረት ቁም ሣጥን ግን መጀመሪያ ላይ በጥንቃቄ ከተመረጠ ሁለትና ሦስት ትውልድ ሰርቨር እያስተናገደ ይቆያል። ይሁን እንጂ በግዥ ሰነዶች ላይ ለሰርቨሩ ሁለትና ሦስት ገጽ ዝርዝር መግለጫ ሲጻፍ፣ ለራኩ የሚተርፈው «ራክ፣ 42ዩ፣ ባለ መስታወት በር» የምትል አንዲት መስመር ናት። የኮንሶል ማቀያየሪያውማ፣ ማለትም አንድ ኪቦርድና ስክሪን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያጋራው መሣሪያ፣ ጭራሽ ይረሳና ሥራው ከተጀመረ በኋላ አንድ አሮጌ ስክሪን በእጅ እየተያዘ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይዞራል። ይህ መመሪያ ጎንደር ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ራክ የሚይዝ ክፍል ለሚያደራጁ የመሥሪያ ቤት፣ የሆስፒታልና የኮሌጅ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ምርጫው ከካታሎግ ሳይሆን ከክፍሉ በር፣ ከከተማው ከፍታና ከመብራቱ ጠባይ መጀመር አለበት ብዬ ስለማምን ቅደም ተከተሉንም በዚያው መንገድ አድርጌዋለሁ።

በመጀመሪያ ሜትር ይዘው ይውጡ

የራክ ልኬት በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው። የመሣሪያው የፊት ገጽታ ስፋት 19 ኢንች፣ ማለትም 482.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቁመቱ የሚለካበት አሃድ «ዩ» ይባላል፤ አንድ ዩ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት 42ዩ ራክ ለመሣሪያ ብቻ 1.87 ሜትር ያህል ቦታ ይሰጣል፤ መሠረቱ፣ ጣሪያውና ጎማው ሲጨመሩ የውጭ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በፒያሳና በአካባቢው ያሉትን በጣሊያን ዘመን የተሠሩ ሕንፃዎች፣ እንዲሁም ለሌላ አገልግሎት ታስበው በኋላ ወደ ቢሮነት የተቀየሩ ቤቶችን የሚያውቅ ሰው፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ጠባብ ደረጃና ዝቅ ያለ በር ምን ያህል እንደሚፈትን ይረዳል።

በሩን ብቻ መለካት እንደማይበቃ እኔ ራሴ በስህተቴ ተምሬአለሁ። የበሩ ከፍታ ከራኩ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ይበልጥ ስለነበር ደስ ብሎኝ ትዕዛዙን አሳለፍኩ፤ ራኩ ሲመጣ ግን ከበሩ በፊት ያለው የኮሪደር መታጠፊያ 1.07 ሜትር ጥልቀት ያለውን ብረት ሊያዞር አልቻለም፤ በመጨረሻም ግንበኛ ተጠርቶ የግድግዳው ጥግ ተፈልፍሎ ገባ። ስለዚህ መኪናው ከሚቆምበት ቦታ እስከ ክፍሉ ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ፣ መታጠፊያና የደረጃ ማረፊያ ሳይቀር ይለኩ። ራኩን አጋድመው የሚያስገቡት ከሆነ ደግሞ የጣሪያውን ከፍታ አይርሱ። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.07 ሜትር የሆነ ራክ በጥልቀቱ በኩል ሲነሣ ማዕዘኑ እስከ 2.27 ሜትር ከፍ ይላል፤ በ60 ሳንቲ ሜትሩ ጎን በኩል ከተነሣ ግን 2.09 ሜትር ይበቃዋል። መንገዱ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ተፈታትቶ የሚመጣና በክፍሉ ውስጥ በብሎን የሚገጣጠም ራክ ይምረጡ፤ አለዚያም ቁመቱን ወደ 36ዩ ወይም 32ዩ ይቀንሱ። በብየዳ የተሠራው ጠንካራ እንደሆነ አይካድም፤ ነገር ግን በሩ ላይ የቀረ ጠንካራ ራክ ለማንም አይጠቅምም።

ቀጥሎ ወለሉ ይታያል። ተራ ቢሮ ሲሠራ ለወለሉ የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ኪሎ አካባቢ ነው። የራኩ ወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.07 ሜትር ቢሆንና ከነሰርቨሩና ከነዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራው መሣሪያ) 600 ኪሎ ቢመዝን፣ ያረፈበት ወለል በካሬ ሜትር ከ900 ኪሎ በላይ ይሸከማል፤ ይኸውም በአራት እግሮች ላይ ተከማችቶ ነው። በመሬት ወለል ላይ ያለ ክፍል ማግኘት ከተቻለ ብዙ ጭንቀት ይቀራል። ፎቅ ላይ ከሆነ ግን መሐንዲስ ሳያዩ አይግዙ፤ ሸክሙን ወደ ምሰሶው ማስጠጋትና ከእግሮቹ ሥር ወፍራም የብረት ሳህን ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። በካታሎጉ ላይ ሁለት የክብደት ቁጥሮች እንደሚጻፉም ልብ ይበሉ፤ አንዱ ራኩ ቆሞ የሚሸከመው ሲሆን ሌላው በጎማው እየተገፋ የሚሸከመው ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ያንሳል፤ ስለ መኪና ላይ ጉዞም ምንም አይናገርም። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ስለዚህ ሰርቨር ተገጥሞበት በመኪና የሚላክ ራክ አይቀበሉ፤ ራኩ ባዶውን፣ ሰርቨሮቹም በየካርቶናቸው ይምጡ።

ጥልቀት፣ ወርድና ቀዳዳ

ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ራኮች ለስዊች (የኔትወርክ መስመሮች ማገናኛ) እና ለፓች ፓነል (የኬብል ጫፎች የሚያርፉበት ሰሌዳ) የተሠሩ ናቸው። ባለ 2ዩ ሰርቨር ብቻውን ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከኋላው ለመብራትና ለኔትወርክ ኬብል መታጠፊያ ሌላ 15 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ። ስለዚህ ለሰርቨር ከ1 ሜትር በታች ጥልቀት አይግዙ፤ ክፍሉ ከቻለ 1.07 ወይም 1.2 ሜትር ይሁን። ወርዱን በተመለከተ፣ ሰርቨር ብቻ ለሚሰቀልበት 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ የሕንፃው ኬብል በሙሉ የሚያልቅበት የኔትወርክ ራክ ግን 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በጎንና በጎን ለኬብል መውረጃ ስለሚተርፍ በኋላ ሥራው ቀላል ይሆናል።

አራት ቋሚ ያለውና ቋሚዎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሱበትን ይምረጡ፤ ሰርቨሩ የሚንሸራተትባቸው ሐዲዶች የሚመጥኑት ከፊቱ ቋሚ እስከ ኋላው ያለው ርቀት ሲስተካከል ብቻ ነው። ቀዳዳው ካሬ ይሁን። ካሬ ቀዳዳ ኬጅ ነት (በቀዳዳው ውስጥ የሚሰካ ተነቃይ ዳዶ) ይቀበላል፤ ብሎኑ ጥርሱ ቢበላ ኬጅ ነቱን በካቻቪቴ አውጥተው በአዲስ ይተካሉ። ጥርስ የተቀረጸበት ክብ ቀዳዳ ግን አንዴ ከተበላሸ ቋሚው ራሱ ተበላሸ ማለት ነው። በርካታዎቹ ያለ መሣሪያ የሚገጠሙ የሰርቨር ሐዲዶችም የሚፈልጉት ካሬውን ነው።

ቀጭን አየር

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ደስ የሚል ስለሆነ «እዚህ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል» የሚል አስተያየት በየስብሰባው ይነሣል። ይህ አስተያየት ግማሹን እውነት ይዟል፤ የጎደለው ግማሽ የአየሩ ክብደት ነው። በዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 77 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ውስጥ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየርም የሚሸከመው ሙቀት በዚያው መጠን ያንሳል። የሰርቨሩ ማራገቢያ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት አለበት። ለምሳሌ 3 ኪሎ ዋት የሚወስድ ራክ፣ በሰርቨሮቹ ውስጥ ሲያልፍ በ12 ዲግሪ የሚሞቅ አየር በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 750 ሜትር ኩብ ያህል ሲበቃው፣ ጎንደር ላይ ወደ 970 ሜትር ኩብ ይፈልጋል።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ከፍታን በመግለጫቸው ውስጥ ያካትታሉ። አሽሬ ተብሎ የሚታወቀው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር የሚመክረው የመግቢያ አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ «ኤ2» በሚባለው ምድብ ያሉ ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ ይፈቀድላቸዋል። ሆኖም ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል፤ በጎንደር ከፍታ ጣሪያው ወደ 31 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከቀትር በኋላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህን ቁጥር መድረስ ከባድ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ ስለ በር ያለኝን አቋም ልናገር። የመስታወት በር ያለው ራክ ለጎብኚ ያምራል፤ ለሰርቨር ግን አይሆንም፤ ሰርቨር አየር የሚስበው ከፊቱ ስለሆነ መስታወቱ አፉን እንደመክደን ነው። የፊቱም የኋላውም በር በወንፊት መልክ የተበሳሳ፣ ክፍት የሆነው ክፍል ከ60 በመቶ የማያንስ መሆኑ በሰነዱ ላይ ይጻፍ። ጣሪያ ላይ የሚገጠሙ አራት ትንንሽ ማራገቢያዎች ይህን አይተኩም። በሰርቨሮች መካከል ባዶ የሚቀሩ ቦታዎችን መሸፈኛ ፕሌትም አብሮ ይታዘዝ፤ ክፍተቱ ካልተሸፈነ ከኋላ የወጣው ሙቅ አየር ዞሮ በፊት ይገባል። ስዊች ሲገዙ ደግሞ ማራገቢያው ወደየት እንደሚነፍስ ይጠይቁ፤ ፖርቱ ወደ ኋላ ዞሮ የሚሰቀል ስዊች አየር የሚያስገባው በፖርቱ በኩል ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሰርቨሮቹን ትኩስ ትንፋሽ ሲምግ ይውላል።

መስኮት ከፍቶ ማቀዝቀዝ በበጋው አቧራ ምክንያት አይመከርም። ኤሲ ሲገጠም የውስጡ ክፍል በምንም ዓይነት ከራክ በላይ እንዳይሰቀል ያድርጉ፤ የውኃ ማስወገጃ ቱቦው አንድ ቀን መደፈኑ አይቀርም። ለኬብል መግቢያ የተተወው ቀዳዳ ብሩሽ ያለው መዝጊያ ይኑረው፤ አይጥ ከራክ ሙቀት የተሻለ የክረምት ቤት አታገኝም።

መብራት

በራክ ውስጥ የሚገጠመው የመብራት ማከፋፈያ ፒዲዩ ይባላል። ገበያ ላይ የምናገኘውን ተራ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መቀጠል ክልክል መሆኑን ለጥበቃውም ለጽዳት ሠራተኛውም ጭምር መንገር ይገባል። በ220 ቮልት ባለ 16 አምፔር ፒዲዩ በወረቀት ላይ 3520 ዋት ይሰጣል፤ ዘወትር ግን ከ80 በመቶ በላይ ባይጫን ይመረጣል። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ላላቸው ሰርቨሮች ሁለት ፒዲዩ ይግጠሙ፣ እያንዳንዱም ከ40 በመቶ በላይ አይጫን፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሙሉውን ሸክም የሚወስድ በመሆኑ ነው። አብዛኛው ሰርቨር ሲ13 የሚባለውን 10 አምፔር ሶኬት ይጠቀማል፤ ትልልቆቹ ግን ሲ19 የሚባለውን 16 አምፔር ስለሚፈልጉ ፒዲዩው ሁለቱንም ይያዝ።

ዩፒኤሱ ከባድ ስለሆነ ከታች ይቀመጣል። መብራቱ በሚዋዥቅበት ከተማ ኦንላይን የሚባለው፣ ሰርቨሩን ዘወትር በራሱ በኩል አስተካክሎ የሚመግበው ዓይነት ይመረጥ፤ ባትሪው ከ25 ዲግሪ በላይ በየ8 እስከ 10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስም ይታወቅ። በክረምት መብረቅ ስለሚበረታ የራኩ አካል፣ በሮቹና የጎን ሽፋኖቹ በመዳብ ሽቦ ከሕንፃው ኧርዝ ጋር መያያዝ አለባቸው። ቀለም የተቀባ ብረት ከብረት ጋር ስለተነካካ ብቻ ኧርዝ ሆነ ማለት አይደለም።

የኮንሶል ማቀያየሪያ

የኮንሶል ማቀያየሪያ፣ በባለሙያዎች አጠራር ኬቪኤም፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ስክሪንና አንድ ማውስ ለብዙ ሰርቨሮች እንዲያገለግሉ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ከመምረጥዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ ሰርቨር ቢቆም፣ ባለሙያው አዘዞ ወይም ማራኪ ከሚገኘው ቤቱ ተነሥቶ ሊደርስ ይችላልን? መልሱ «አይችልም» ከሆነ፣ ራኩ ፊት ቆሞ ብቻ የሚሠራ ማቀያየሪያ አይበቃም።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ሲወጣ ይታያል። አዳዲስ ሰርቨሮች ማዘርቦርዳቸው ላይ ራሱን የቻለ የርቀት መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ዴል «አይድራክ»፣ ኤችፒኢ «አይሎ» ይለዋል። ሰርቨሩ ጠፍቶ እንኳን ገመዱ መብራት እስካለው ድረስ ይህ መቆጣጠሪያ ይሠራል፤ ማስነሣት፣ ማጥፋትና ስክሪኑን ከሩቅ ማየት ያስችላል። ነገር ግን የስክሪኑን ሙሉ አገልግሎት ለማግኘት በሁለቱም ላይ ተጨማሪ ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ያንን ላይሰንስ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ መግዛት የቀለለ ነው። ሰርቨሮቹ በሙሉ አዲስ ከሆኑ ምክሬ ግልጽ ነው፦ በኔትወርክ የሚሠራ ውድ ኬቪኤም አይግዙ። በምትኩ ላይሰንሱን፣ ለመቆጣጠሪያዎቹ ብቻ የሚሆን ትንሽ የተለየ ስዊች፣ እንዲሁም ለአደጋ ጊዜ አንድ ተስቦ የሚወጣ የኮንሶል መሳቢያ ይግዙ። መሳቢያው 1ዩ የሚይዝ፣ 17 ወይም 19 ኢንች ስክሪንና ኪቦርድ ያለው ሲሆን፣ ባለ 8 ወይም ባለ 16 ፖርት ማቀያየሪያ አብሮት ሊመጣ ይችላል። ቆመው ለመጻፍ እንዲመች ከ18ኛውና ከ22ኛው ዩ መካከል ይሰቀል።

አሮጌና አዲስ፣ የተለያየ አምራች የሠራቸው ሰርቨሮች ተቀላቅለው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ በኔትወርክ የሚሠራ ኬቪኤም ዋጋውን የሚያወጣው ያኔ ነው። ሲመርጡ ሦስት ነገሮችን አጥብቀው ይጠይቁ። አንደኛው የተጠቃሚ ቁጥር ነው፤ «32 ፖርት» ማለት 32 ሰው በአንድ ጊዜ ይሠራል ማለት ሳይሆን 32 ሰርቨር ይያያዛል ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ምናልባት ራኩ ፊት አንድ ሰው፣ ከሩቅ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ሁለተኛው ማገናኛ ሞጁሉ ነው፤ በካት 5 ኬብል የሚሠሩ ኬቪኤሞች ለእያንዳንዱ ሰርቨር የስክሪኑን ቪጂኤና የኪቦርዱን ዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ ኬብል የምትቀይር ትንሽ ሞጁል ይፈልጋሉ። ዋጋዋ በፕሮፎርማው ላይ ካልተካተተ 16 ፖርት ያለው መሣሪያ ተገዝቶ አራት ሰርቨር ብቻ ያያይዛል። ሞጁሏ ለሰርቨሩ «ኪቦርድና ስክሪን ተያይዟል» እያለች ማስመሰል መቻሏንም ያረጋግጡ፤ አለዚያ አንዳንድ አሮጌ ሰርቨር ኪቦርድ አጣሁ ብሎ ሳይነሣ ይቀራል። ሦስተኛው ከሩቅ የሚከፈትበት መንገድ ነው፤ በዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ላይ በኤችቲኤምኤል 5፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይጫን የሚሠራ ይሁን፤ ጃቫ የሚጠይቁት አሮጌ ሞዴሎች በርካሽ ይሸጣሉ፣ በሚያስፈልጉበት ሌሊት ግን አይከፈቱም።

ስዊች፣ ራውተርና ፋየርዎል ስክሪን ስለሌላቸው በኬቪኤም አይደረስባቸውም፤ እነሱ የሚፈልጉት የሲሪያል ኮንሶል ሰርቨር፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚላክበት መሣሪያ ነው። የሚያያዘው በአርጄ 45 ኬብል ቢሆንም የገመዶቹ አደራደር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ከእርስዎ መሣሪያዎች ጋር የሚሄደው ኬብል ተለይቶ ይታዘዝ። ፍጥነቱም ይጻፍ፤ የሲስኮ መሣሪያዎች በአብዛኛው በሰከንድ 9600 ቢት ሲሆኑ ሌሎች 115200 ይጠቀማሉ። የቢሮው ዋና መስመር ሲቋረጥ መግቢያ እንዲኖር የሲም ካርድ ሞደም የሚቀበል ኮንሶል ሰርቨር ቢመረጥ ደግ ነው። ሦስት ስዊች ብቻ ላለው ክፍል ግን አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ጥሩ የኮንሶል ኬብል በራኩ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

ከሩቅ የሚከፈት ነገር ሁሉ ሌላ ሰውም ሊከፍተው ይችላል። አይፒኤምአይ 2.0 የሚባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ሥርዓት የጠያቂውን ማንነት ሳያረጋግጥ ከይለፍ ቃሉ የተሠራውን ሐሽ (የይለፍ ቃሉን ገምቶ ለማግኘት የሚያገለግል፣ በስሌት የተለወጠ ቅጂ) እንደሚሰጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ ይታወቃል። ስለዚህ እነዚህ መቆጣጠሪያዎች ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ አይገናኙ፣ የተለየ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ፣ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡት የይለፍ ቃልም ገና በመጀመሪያው ቀን ይቀየር።

በጨረታ ሰነዱ ላይ ምን ይጻፍ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ በሰኔ ጥድፊያ የተጻፈ መግለጫ ጉድለቱ የሚታየው ዕቃው ከገባ በኋላ ነው። ዋናዎቹን መሣሪያዎች ማንም አይረሳም፤ የሚረሱት የሰርቨር ሐዲዶች፣ ቢያንስ 100 ኬጅ ነት ከነብሎኑ፣ መሸፈኛ ፕሌቶች፣ የሲ13 ወደ ሲ14 ገመዶች፣ የኬቪኤም ሞጁሎችና የኧርዝ ሽቦ ናቸው። የሞዴል ስም ብቻ ጽፎ «ወይም ተመጣጣኝ» ማለትም አይበቃም፤ ተመጣጣኝነቱ የሚለካበት ቁጥር፣ ማለትም ጥልቀቱ፣ የቆመ ጭነቱ፣ የበሩ ክፍትነት በመቶኛ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራው የተጠቃሚ ብዛት ይዘርዘር። ኮንሶል ማቀያየሪያውና የመቆጣጠሪያዎቹ ስዊች ከዩፒኤስ እንዲመገቡ በሥራው ውል ላይ ይግባ፤ ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ከተያያዙ መብራት በጠፋ ቁጥር በጣም በሚፈለጉበት ሰዓት አብረው ይጠፋሉ።

ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ደግሞ አንድ ፈተና ይደረግ። ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይውጣና በሩ ይቆለፍ፤ ከዚያም የሕንፃው ብሬከር ይውረድ። ባለሙያው በሌላ ቢሮ ተቀምጦ፣ ዩፒኤሱ እያለ፣ እያንዳንዱን ሰርቨር በኮንሶሉ በኩል በሥርዓቱ ያጥፋ። ብሬከሩ ተመልሶ ሲነሣም ክፍሉን ሳይከፍት አንድ በአንድ ያስነሣቸው። ለመነሣት እጅ ያስፈለገው ሰርቨር፣ ስክሪኑ ያልታየ ፖርት ወይም በስህተት ስም የተመዘገበ መስመር ካለ ተመዝግቦ ይስተካከል፤ ፈተናውም እንደገና ይደገም።